ዜና ሰበራ ድልድይ ዘሞጣ

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አንድ አምላክ አምነን፣ ሞጣ አጠገብ ጎጃምንና ቤጌምድርን ያገናኘውን የዓባይ ድልድይ ዜና እንጽፋለን።

ድልድዩ ሳይሠራ ጎጃም በክረምት የተዘጋ አገር ነበር። ዓባይ በሞላ ጊዜ የንጉሥ ጦር ማዶ ሰፍሮ ውኃው እስኪጎድል ይጠብቃል፤ ስንቅ የጫነው አጋሰስም ይመለሳል።

በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኖራ የሚወጣው ድንጋይ ታወቀ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲል በ1624 ዓ.ም. ነገሡ፤ ጎንደርንም ቆረቆሩ። ግንባቸውን ባቆሙበት ኖራ የዓባይን ድልድይ አስገነቡ። በቅስት ሥርዓት አስቀድሞ የጎበጠ እንጨት ይቆማል፤ በላዩም ድንጋይ ከግራና ከቀኝ እየተደረደረ ይወጣል፤ በመጨረሻ የአናቱ ድንጋይ ይሰካል። እንጨቱ ሲነሣ ድንጋይ ድንጋይን ተደግፎ ይቆማል፤ ክብደቱም ሁሉ ወደ ዳርና ዳር ዓለት ይወርዳል። ትልቁ ቅስት የወንዙን ዋና መንገድ ያዘ፤ ትንንሾቹም የክረምቱን ሙላት አሳለፉ። ጭቃ ቢሆን አንድ ክረምት ባጠበው ነበር፤ ኖራው ግን ዘመናትን ጠበቀ። በዚያም ወታደር ትጥቁን፣ ነጋዴ አሞሌውን ይዞ አለፈ።

ፋሲል ካረፉ ከ260 ዓመት በላይ ቆይቶ ጣሊያን አገሩን ወረረ። በብቸና በኩል በላይ ዘለቀ፣ በየአውራጃውም ሌሎች አርበኞች ተነሡ። ጠላት እንዳይሻገርም አርበኞች መካከለኛውን ቅስት አፈረሱት፤ ስሙም ሰበራ ድልድይ ተባለ። ንጉሡ የሠሩት አገር እንዲገናኝ ነው፤ አርበኞቹም የሰበሩት አገር እንዳይያዝ ነው። ሁለቱም ሥራ አንድ ክብር ይገባዋል።

በ1933 ዓ.ም. ጠላት ወጣ፤ ቅስቱ ግን ስድሳ ዓመት ያህል ሳይጠገን ቀረ። ሕዝቡ ከወዲህና ከወዲያ ቆሞ በገመድ እየተሳሳበ ተሻገረ፤ ገመዱን የያዘም ነፍሱን ለማዶ ሰው ክንድ አደራ ሰጠ። በ1994 ዓ.ም. ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህን በመጽሔት ፎቶግራፍ አይቶ መጣ፤ ከአገሬው ጋርም ክፍተቱን በብረት አገናኘ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጎርፍ ብረቱን ወሰደው፤ ኋላም ከሙላት ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ከእንግዲህ የቀረውን ግንብ የሚጠግን ሁሉ በኖራ ይጠግን። ሲሚንቶ ውኃውን አፍኖ አሮጌውን ድንጋይ ያስቆርሳል፤ ኖራ ግን እርጥበቱን ያስወጣለታል። የሠሩትን፣ አገር ሲጠብቁ የወደቁትንና ገመድ የሳቡትን ሁሉ እግዚአብሔር በመንግሥቱ ያስባቸው፤ አሜን።