አምስት ግማሽ ማራቶን፣ ከጥቅምት እስከ ጥቅምት



ትናንት ጠዋት በጣና ዳር እንደ ልማዴ ስራመድ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ላብ በላብ ሆኖ ደረሰብኝ። ትንፋሹን እስኪሰበስብ አብረን ተራመድን። «ቲቸር፣ ዘንድሮ ሦስት ግማሽ ማራቶን ልሮጥ አስቤያለሁ። ጓደኞቼ አብደሃል ይሉኛል። እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለኝ። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ አሠልጣኝ አይደለሁም። ስለ ጉልበትህ የሚያውቅ ጠይቅ፣ ታሪኩን ግን እኔ እጽፍልሃለሁ አልኩት። ይኸው።

ግማሽ ማራቶን 21.0975 ኪሎ ሜትር ነው። ለኛ ለባሕር ዳር ሰዎች ወደ ጢስ ዓባይ ከሚወስደው መንገድ ሁለት ሦስተኛውን ያህል መሮጥ ማለት ነው። በአንድ ዓመት ረጅም ርቀት መደጋገም ደግሞ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አበበ ቢቂላ ከሮም ድሉ በኋላ፣ በ1961 እ.ኤ.አ.፣ አቴንስ፣ ኦሳካና ኮሺሴ ላይ ሦስት ሙሉ ማራቶን ሮጦ ሦስቱንም አሸንፏል።

ለተማሪዬ ጥያቄ ቅርብ የሆነችው ምስክር ግን ያለምዘርፍ የኋላው ናት። ቀኖቹን በኛው አቆጣጠር ልንገራችሁ።

ጥቅምት 7 ቀን 2013፣ ፖላንድ ግዲኒያ፣ የዓለም ግማሽ ማራቶን ሻምፒዮና። በ1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ሦስተኛ ወጣች። ከአሸናፊዋ የለያት ሦስት ሰከንድ ብቻ ነበር። በስድስት ሳምንቱ፣ ኅዳር 20፣ ኒው ዴልሂ ላይ በ1:04:46 አሸነፈች። መጋቢት 26 ኢስታንቡል ላይ 1:04:40 ሮጣ ሁለተኛ ሆነች። በዚያ ውድድር ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች በ1:04:02 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። የተሰበረውም የኛዋ የአባብል የሻነህ 1:04:31 ነበር።

ነሐሴ 23 ላይ በሰሜን አየርላንድ፣ ላርን በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ያለምዘርፍ 1:03:43 ገባች። ከ64 ደቂቃ በታች! እኔም በደስታ እዚሁ ገጼ ላይ «የዓለም ሪከርድ ባለቤት» ብዬ ጻፍኩ። ብዙዎቻችሁም እልል አላችሁ።

ከዚያ መንገዱ እንደገና ተለካ። 54 ሜትር ጎደለ።

የጎዳና ውድድር መንገድ የሚለካው ቆጣሪ በተገጠመለት ብስክሌት ነው። እንዳያጥር ተብሎም በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ሜትር ይጨመራል። እንዲህም ሆኖ የዚያን ቀን የተሮጠው አጠረ፤ ሰዓቱም በክብረ ወሰንነት ሳይመዘገብ ቀረ። ጥፋቱ የሯጯ አልነበረም። እሷ የተሰመረላትን መንገድ ነው የሮጠችው። እኔ ግን አፈርኩና ጽሑፌን ድምፄን አጥፍቼ ሰረዝኩት። ለተማሪዎቼ «ስሕተትን አርሙት እንጂ አትደብቁት» እያልኩ ኖሬ፣ ራሴ ደበቅኩት። ይቅርታ ዛሬ ነው የምጠይቃችሁ።

ብሰርዘውም ጥያቄው አልለቀቀኝም። መንገዱ ሙሉ ቢሆን ኖሮስ? ወረቀት አወጣሁና አሰላሁት። በዚያን ቀን ፍጥነቷ በሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ትሮጥ ነበር። 54 ሜትር ማለት አሥር ሰከንድ ገደማ ነው። ስንጨምርበት 1:03:53 ይመጣል። አሁንም ከ1:04:02 በታች ነው። ግን ይኼ የኔ ስሌት እንጂ ማስረጃ አይደለም። የደከመ እግር የመጨረሻዋን 54 ሜትር እንዴት እንደሚሮጥ ወረቀት አይነግረንም።

መልሱን የሰጠችው ራሷ ናት። ልክ በስምንተኛው ሳምንት፣ ጥቅምት 14 ቀን 2014፣ ስፔን ቫሌንሲያ ላይ ሮጠች። ሰዓቷ 1:03:51 ሆነ። ከኔ ስሌት የሚለየው በሁለት ሰከንድ ብቻ ነው!

እስከዚያን ቀን ጠዋት ድረስ ቢሆን ይኼ ሰዓት የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ግን ከፊቷ ሌላ ኢትዮጵያዊት ነበረች። በወቅቱ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ባለክብረ ወሰን የነበረችው ለተሰንበት ግደይ የመጀመሪያ ግማሽ ማራቶኗን በ1:02:52 ጨረሰች። ከ64 ደቂቃም ከ63 ደቂቃም በታች ገብታ ሰዓቷ የጸደቀላት የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ሆነች። ያለምዘርፍ ያን የመሰለ ሰዓት ሮጣ ሁለተኛ ወጣች። አንዴ 54 ሜትር፣ አንዴ የአገሯ ልጅ ቀደመቻት።

ታዲያ ከሰረች ወይ? እኔ እንደዚያ አላይም። በዚያ ዓመት ላርንን ብቻ ሮጣ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ስሟ ሲነሳ «ያች አጭር መንገድ ላይ የሮጠችው» ይባል ነበር። ቫሌንሲያ ስላለ ግን ያ ሰዓት ከመንገዱ ማጠር ብቻ የመጣ እንዳልነበር አወቅን። ክፍል ውስጥ «አንድ ምንጭ ይዛችሁ አትፍረዱ፣ ሁለተኛ ፈልጉ» እያልኩ ሳሰለቻችሁ ታስታውሳላችሁ አይደል? ነገሩ ይኼው ነው።

እና አንተ ልጄ፣ ሦስቱን ለመሮጥ ማሰብህ እብደት አይደለም። ግን ልብ በል፦ ከአምስቱ ውድድሮቿ በጣም የተቀራረቡት እንኳ የስድስት ሳምንት ዕረፍት ነበራቸው። አንተም በመካከል ለሰውነትህ ጊዜ ስጠው። የመጀመሪያው ቢበላሽብህ አትሰርዘው፤ ጻፈውና ቀጣዩን ሩጥ።

ጠዋት ጣና ዳር እንገናኝ። እኔ በእግሬ፣ አንተ በሩጫ። ሰላም እደሩ!