ጥቅምት 30 የተወለዳችሁ ተማሪዎቼ፣ እባካችሁ ይህችን አንብቡልኝ

ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ከአንድ የተበላሸ ሰርቨር ጀምሬ የምጨርሰው በባሕር ዳር ታሪክና በጣና ገዳማት ነው። ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ፤ እኔም መጀመሪያ አልመሰለኝም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። በ2009 ያስተማርኩት ልጅ ደወለ። «ቲቸር፣ ሥራ አግኝቼ ነበር፤ ግን ትራንስክሪፕቴን አንቀበልም አሉኝ። ዞኔ ሰሜን ጎጃም ይላል፣ የልደት ቀኔ ደግሞ ዜሮ ዜሮ ዜሮ ነው» አለኝ። በአምስት ቀን ካላስተካከለ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፣ ያውም በዲፕሎማ። ግን «ኮምፒውተር ይነካካል» ስለተባልኩ የሰርቨር ክፍሉ ቁልፍ የሚያድረው እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

በዚያው ሳምንት ደግሞ የተማሪዎቹን መዝገብ ከአሮጌው ማሽን ወደ አዲሱ እያዛወርኩ ነበር። አዲሱ ላይ ኡቡንቱ ጫንኩ፣ ዳታቤዙን ጫንኩ፤ መረጃው ግን አልገባ አለ። እየሄደ፣ እየሄደ አንድ መስመር ላይ ቀጥ። ሦስቴ ሞከርኩ፤ ሦስቴም እዚያው። መጀመሪያ ዲስኩ ነው አልኩ፣ ቀጥሎ መብራቱ ነው አልኩ። ማታ ተረጋግቼ ሎግ ፋይሉን ሳነብ ግን ችግሩን በግልጽ ጽፎታል፦ የቀን ስህተት፣ 0000-00-00።

ምን ሆኖ መሰላችሁ? መዝጋቢዎቻችን የልደት ቀን የሚያስገቡት በእኛ አቆጣጠር ነው። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ጥቅምት 30 ቀን 1990 የተወለደ ልጅ 1990-02-30 ተብሎ ይገባል። ማሽኑ ግን 02 ሲያይ የፈረንጅ ፌብሩዋሪ ይመስለዋል፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነች ጭራሽ አያውቃትም። የድሮው ማይኤስኪውኤል እንዲህ ያለ ቀን ሲሰጡት ማስጠንቀቂያ ትቶ በዜሮ ይተካውና ያልፋል፤ ከ5.7 ወዲህ ያለው ግን በተለመደው አጫጫን አልቀበልም ይላል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የኢትዮጵያን ቀን በፈረንጅ ሳጥን ውስጥ ከተትን። የሚገርመው፣ ጥቅምት 29 ቀን 1992 የተወለደ ተርፏል፤ 1991 የተወለደ ጠፍቷል። 1992 ለአራት ስለሚካፈል ማሽኑ 29ኛዋን ቀን ይፈቅዳል። ጥቅምት 30 ግን ሁሌም ሟች ነው።

የዞኑ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ሰሜን ጎጃም የሚባል ዞን ከምዕራብ ጎጃም ሲወጣ አንድ ሰው ሰርቨሩ ላይ ገብቶ ምዕራብ ጎጃም የሚለውን ስም ሰርዞ በላዩ ሰሜን ጎጃም ብሎ ጻፈ። በቃ። በዚያ ስም ስር የነበሩ ተማሪዎች በሙሉ፣ ከዓመታት በፊት የተመረቁትም ጭምር፣ በዚያን ጊዜ ያልነበረ ዞን ተወላጅ ሆኑ። ማን ቀየረው? መቼ? አይታወቅም። አራት ሰው በአንድ ፓስወርድ ነበር የምንገባው፤ የሁላችንም ስም «አድሚን» ነው። ሦስቱ ተዛውረዋል።

እዚህ ላይ የታሪክ መምህርነቴ ተነሳብኝ። ይህች ባሕር ዳር ስንት ጊዜ ነው ስሟና አለቃዋ የተቀያየረው? እስቲ አብረን እንቁጠር።

በ1928 የጣሊያን ጦር ሲገባ ጎጃምን ዋና ከተማው ጎንደር ከሆነው «አማራ» ከተባለው ግዛት ውስጥ ከተተው። ከድል በኋላ በ1934 በወጣው የአስተዳደር ደንብ አገሪቱ በጠቅላይ ግዛት ተከፈለች፤ እኛም በደብረ ማርቆስ በሚተዳደረው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ስር ሆንን። ባሕር ዳር የአውራጃ ስም ሆነች። በ1967 ደርግ ጠቅላይ ግዛትን ክፍለ ሀገር አለው። በ1980 ኢሕዲሪ ሲመሠረት አገሪቱ በ5 ራስ ገዝና በ24 የአስተዳደር አካባቢዎች ስትከፈል ጎጃም ተሰነጠቀ፤ ባሕር ዳር የምዕራብ ጎጃም መቀመጫ ሆነች። በ1984 በአዋጅ ቁጥር 7 ክልል 3 መጣ፤ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የአማራ ክልል ተባለ፤ ባሕር ዳርም የክልሉ ዋና ከተማ ሆና ልዩ ዞን ተሰኘች። የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ አሁን ፍኖተ ሰላም ነው።

ሰፈራችን ውስጥማ አትጠይቁኝ። ሹም አቦ፣ ሰፈነ ሰላም፣ ሺምብጥ፣ ኅዳር 11 እያልን ፎርም ስንሞላ ከርመን፣ ዛሬ የክፍለ ከተማው ዝርዝር ሌላ ነው።

እንግዲህ አንድ እናት እዚያው ጣና ዳር፣ እዚያው ቤት ውስጥ ከአባቷ ዘመን ጀምሮ ብትኖር፣ ከቤቷ ሳትንቀሳቀስ የጠቅላይ ግዛት፣ የክፍለ ሀገር፣ የአስተዳደር አካባቢ፣ የክልልና የልዩ ዞን ነዋሪ ሆናለች። ወረቀቶቿ ሁሉ ይለያያሉ፤ ሁሉም ግን እውነት ናቸው። እያንዳንዱ እውነት የሚሆነው ቀኑ አብሮት ሲኖር ብቻ ነው።

ቁጥሩም እንዲሁ ነው። የ1999 ሕዝብ ቆጠራ ለባሕር ዳር ልዩ ዞን 221,991 ሰው ይላል፤ ለባሕር ዳር ከተማ ብቻ ደግሞ 155,428። የትኛው ነው ውሸት? የትኛውም። ወሰኑን ሳትነግረኝ ቁጥሩን ብቻ ከነገርከኝ ግን ምንም አልነገርከኝም።

አሁን ወደ ገዳማቱ። ክብራን ገብርኤል ወይም ዳጋ እስጢፋኖስ በጀልባ የሄዳችሁ የብራና መጻሕፍቱን አይታችኋል። በአገራችን ገዳማት፣ የጣና ቂርቆስን ጨምሮ፣ የወንጌል ብራና ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ የጉልት፣ የርስት፣ የስጦታ ማስታወሻ ይጻፋል። አጻጻፉን ልብ በሉ። ምን ተሰጠ፣ ማን ሰጠ፣ በየትኛው ንጉሥ ዘመን፣ በዚያን ጊዜ ሹመቱን የያዙት እነማን ነበሩ፣ እማኞቹ እነማን ናቸው። መጨረሻ ላይ ደግሞ የሚፍቀውና የሚያፈርሰው ሰው እንዲወገዝ ግዝት ይታሰርበታል። አዲስ ነገር ሲመጣ የድሮውን ፍቆ ከመተካት ከስሩ አዲሱን ይጨምራል። ወሎ ውስጥ የሐይቅ እስጢፋኖስን ዐቃቤ ሰዓቶች ከ13ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን በቅደም ተከተል ያጠኑልን ታደሰ ታምራት እንዲህ ዓይነት ማስታወሻዎች ባይኖሩ ኖሮ በምን ይሠሩ ነበር?

ባክአፕም አለ። ኤርነስት ሃመርሽሚት የተባለ ምሁር በ1961 ገደማ የጣና ገዳማትን ብራናዎች በማይክሮፊልም አንስቷል።

ዓለም ይህንኑ ነገር በኮምፒውተር ለመሥራት ጊዜ ወስዶበታል። የሊኑክስ አባት ሊኑስ ቶርቫልድስ ጊት የሚባለውን የሠራው በ1997 ዓ.ም. ነው። ጊት የሚያደርገው ምንድን ነው? ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረና ለምን እንደቀየረ ይጽፋል፤ የድሮውንም ያስቀምጣል። የኛ አባቶች የቀራቸው ግዝቱን በፓስወርድ መተካት ብቻ ነበር እኮ!

ወደ ልጁ ልመለስ። መዝገብ ቤት ገብተን ከእትዬ ጋር አቧራ ስናራግፍ የ2009 የወረቀት ሮስተር ተገኘ። ልደቱ ጥቅምት 30፣ ዞኑ ምዕራብ ጎጃም። አንድ ቦታ ስሙ ተሳስቶ በአንድ መስመር ተሰርዟል፤ የድሮው ይነበባል፣ አጠገቡ የመዝጋቢው ፊርማና ቀን አለ። እትዬ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «እኛ እንዲህ ነበር የምንሠራው ልጄ፤ ያንተ ማሽን ፊርማ የለውም እንዴ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። በአራተኛው ቀን የተስተካከለው ወረቀት ደረሰው፤ አሁን ሥራ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ የለወጥነው ይህን ነው። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ስም ይገባል። ቀን በእኛ አቆጣጠር እንደ ጽሑፍ ይቀመጣል፤ የፈረንጁ ለብቻው ይሰላል። የዞን ስም አይሰረዝም፤ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን» ተብሎ አዲስ መስመር ይጨመራል። ሰርቨሩ ላይ የሚነካ ነገር ሁሉ መጀመሪያ በደብተር ይጻፋል፤ ደብተሩ በሩ ጀርባ ተንጠልጥሏል።

አሁን ልመናዬ። ጥቅምት 29፣ ጥቅምት 30 ወይም በጳጉሜን የተወለዳችሁ ተማሪዎቼ፣ መዝገባችሁ ዜሮ ሳይሆን አይቀርም። ሥራ እስክታገኙ አትጠብቁ። የልደት ወይም የክርስትና ወረቀታችሁን ይዛችሁ ብቅ በሉ፤ ሩቅ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ይህን ያነበበም ለጓደኛው ያድርስልኝ።