ነገረ ካያክ፦ አባትና ልጅ ዓሣ ለማጥመድ የሚሳፈሩባት ታንኳ ታሪክ

ከትንሽ ልጁ ጋር በሐይቅ ላይ ዓሣ ለማጥመድ ታንኳ ሊገዛ የሚያስብ ሰው፣ ዛሬ በሚኒሶታም ሆነ በስቶክሆልም ወደ መደብር ቢገባ፣ ካያክ የሚባሉ፣ መልካቸውና ስፋታቸው ልዩ ልዩ የሆነ ብዙ ዓይነት ታንኳዎች ተደርድረው ያገኛል፤ ሻጩም ስለ ፍጥነታቸው፣ ስለ መቀመጫቸው ምቾትና ስለ መንጠቆ ማስቀመጫቸው በሰፊው ያስረዳዋል እንጂ፣ ይህች ታንኳ በጥንተ ተፈጥሮዋ ለማን እንደ ተሠራችና ለማን እንዳልተሠራች አይነግረውም። እኔ ግን ገዢው ከዋጋው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ይህን ነው እላለሁ፤ ታሪኳን የመረመረ ሰው የሚደርስበት የመጀመሪያው ነገር፣ ካያክን የፈጠሩት ሕዝቦች ሕፃን ልጅ ይዘውባት ለአደን የማይወጡ መሆናቸው ነውና።

ካያክ የተወለደችው ዛፍ በማይበቅልበት አገር ነው። በሰሜን ዋልታ ዙሪያ፣ ከሳይቤሪያ ምሥራቃዊ ጫፍና ከአላስካ አንሥቶ በሰሜን ካናዳ በኩል እስከ ግሪንላንድ ድረስ ተበትነው የሚኖሩት ኢኑዊትና ዘመዶቻቸው የሆኑ ሕዝቦች፣ ወንዝና ባሕር ከሩቅ አገር እየገፉ በዳርቻቸው የሚጥሉትን እንጨት ለቅመው፣ አጥንትና ቀንድም ጨምረው፣ በጅማት እያሰሩ የታንኳይቱን አጽም ያበጁ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ሴቶቹ፣ በኦሪት ዘጸአት የደብተራ ኦሪት መክደኛ ሆኖ ስሙ በተጠራው በባሕር እንስሳው በአቆስጣ ቁርበት፣ ውኃ በማያስገባ ረቂቅ ስፌት ያለብሷት ነበር። መለኪያዋም የባለቤቷ ገላ ነው፤ ርዝመቷ የተዘረጉ ክንዶቹን ሦስት እጥፍ ያህላል፣ ወርዷ በዳሌው ላይ ሁለት ጭብጥ ተጨምሮ ይወሰናል። በዚህም ምክንያት የግሪንላንድ ካያክ ርዝመቷ ወደ 5 ሜትር ሲሆን ወርዷ ከግማሽ ሜትር ብዙም አያልፍም። አዳኙ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ የቁርበት ካባውን ጫፍ በታንኳይቱ መግቢያ አፍ ዙሪያ ያስር ስለ ነበር፣ ካያክን መርከብ ከማለት ልብስ ማለት ይቀላል፤ በአንድ ልብስም ሁለት ሰው አይገባም።

ታዲያ ልጆቹ በምን ይጓዙ ነበር? ጠቢቡ ሕዝብ ለዚህ ኡሚያክ የምትባል ሌላ ታንኳ ነበረችው። እርሷም በአቆስጣ ቁርበት የተለበጠች፣ ሆዷ ሰፊ፣ አፏ ክፍት፣ አንዳንዴም 10 ሜትር የምትረዝም ስትሆን፣ በግሪንላንድ ቀዛፊዎቿ ሴቶች ነበሩ፤ የበጋው ወራት ደርሶ ቤተ ሰቡ ወደ ማጥመጃው ስፍራ በሚፈልስበት ጊዜ ድንኳኑ፣ ውሾቹ፣ ሽማግሌዎቹና ሕፃናቱ ሁሉ በእርሷ ተጭነው ሲሄዱ፣ ወንዶቹ እያንዳንዳቸው በየካያካቸው በግራና በቀኝ ያጅቧት ነበር። ስለዚህ የኢኑዊት ልጅ ባሕርን ይተዋወቅ የነበረው በእናቱ ጉያ ሆኖ በሰፊዋ ታንኳ ውስጥ ነው፤ አባቱ በጠባቧ ታንኳ ከማዕበል ጋር ሲታገልም ከዚያው ሆኖ ይመለከተው ነበር። ከልጁ ጋር ወደ ውኃ መውጣት የሚሻ የዘመናችን አባት ምሳሌ ሊያደርግ የሚገባው ይህችን ኡሚያክ ነበር፤ ነገር ግን በመደብሩ ውስጥ ስሟ አይሰማም፤ ዝናው ሁሉ ለአዳኙ ታንኳ ደርሷልና።

የሞራቪያ ወንድማማች ማኅበር ሰው የነበረው ዳቪድ ክራንትስ በግሪንላንድ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀምጦ፣ የአገሪቱን ታሪክ በጀርመንኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1765 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የልጆችን አስተዳደግ ሲተርክ፣ ወንድ ልጅ 10 ዓመት ሲጠጋ አባቱ ትንሽ ካያክ እንደሚሰጠው፣ ልጁም ብቻውን ወይም ከእኩዮቹ ጋር መቅዘፍን፣ ተገልብጦ መነሣትን፣ ወፍ ማደንንና ዓሣ ማጥመድን እንደሚለማመድ፣ ከ15ኛው ወይም ከ16ኛው ዓመቱ በኋላም ከአባቱ ጋር አቆስጣ ለማደን ወደ ባሕር እንደሚወጣ ይናገራል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሚያስደንቀኝ ተገልብጦ መነሣት ከትምህርቱ መጀመሪያ መመደቡ ነው፤ በበረዶ ባሕር ውስጥ ከካያክ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ አይቆይምና፣ ራሱን ቁልቁል ዘቅዝቆ በመቅዘፊያው ኃይል ቀጥ ብሎ መነሣትን ያላወቀ ወጣት ሙሉ አዳኝ አይባልም ነበር። አባት ልጁን በገዛ ታንኳው ከጎኑ አያስቀምጠውም ነበር፤ በልኩ የተሠራች ታንኳ ሰጥቶ በጥልቁ ዳር እየተጠባበቀ ያስተምረው ነበር እንጂ።

ሁለት ሰው በአንድ ካያክ የመሳፈር ልማድ በግልጥ የሚገኘው በአላስካ ደቡብ ምዕራብ በተዘረጉት ደሴቶች በሚኖሩት በአሌውት ሕዝብ ዘንድ ነው። ሩሲያውያን ባይዳርካ ብለው የሰየሟት የእነርሱ ታንኳ ባለ አንድም ባለ ሁለትም ቀዳዳ ትሠራ ነበር፤ በሁለቱ ቀዳዳዎች ሁለት ሰዎች ሲቀመጡ የኋለኛው ታንኳይቱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ የፊተኛውም እጁ ነፃ ሆኖ ጦሩን ይወረውራል፤ ጀማሪውም ልጅ ባሕሩን ካወቀ ሰው ጋር ሆኖ ሥራውን የሚማረው በእንዲህ ያለችው ታንኳ ነበር። ከሩሲያውያን መምጣት በኋላ ሦስተኛ ቀዳዳ ተጨመረ፤ በመካከለኛዋም ሹሙ፣ ነጋዴው ወይም ካህኑ እንደ ጭነት ተቀምጦ ይጓዝ ጀመር። የኦርቶዶክስ ካህን የነበረው ዮሐንስ ቬኒያሚኖቭም እ.ኤ.አ. በ1824 ወደ ኡናላስካ ደሴት ደርሶ፣ በዚያ ብርድና ጭጋግ በባይዳርካ ከደሴት ወደ ደሴት እየተሻገረ ወንጌልን ሰበከ፤ ቋንቋቸውን ተምሮም የማቴዎስን ወንጌል ወደ አሌውትኛ መለሰ፤ በኋላም የሞስኮ ሜትሮፖሊታን ሆኖ ዛሬ በቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ በቅዱስ ኢኖከንቲዮስ ስም ይታሰባል። ካህኑ እንዲህ ሊጓዝ የቻለው፣ ታንኳይቱን የሚገዙ ሁለት ዐዋቂዎች በፊቱና በኋላው ስለ ነበሩ ነው። አንድ አባት ብቻውን ከሕፃን ጋር ሲወጣ ግን ይህን ሚዛን የሚጠብቅ ሌላ ሰው የለም።

በግሪንላንድ የካያክ ዘመን የተዳከመው በሃያኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ነው፤ ባሕሩ ሞቅ ሲልና አቆስጣው ሲያንስ ኮድ የሚባለው ዓሣ በምዕራቡ ዳርቻ በዛ፤ ሰዎቹም መንጠቆና ገመድ ይዘው ወደ ዓሣ ማጥመድ ሲዞሩ፣ ብዙ ዓሣ የማትጭነውን ጠባብ ታንኳ ትተው የእንጨት ጀልባ ያዙ። ይህ ለእኛ ጉዳይ ቀላል ምስክር አይደለም፤ የካያክ ሊቃውንት ራሳቸው ዋና ሥራቸው ዓሣ በሆነ ጊዜ ሰፊውን መርጠዋልና። በአውሮፓ ደግሞ ካያክ የመዝናኛ ዕቃ ሆነች፤ ስኮትላንዳዊው ጆን ማክግሬገር እ.ኤ.አ. በ1865 በእርሷ አምሳል በተሠራች የእንጨት ታንኳ የአውሮፓን ወንዞች ዞረ፤ የሮዘንሃይሙ ልብስ ሰፊ ዮሐንስ ክሌፐርም እ.ኤ.አ. በ1907 ተጣጥፋ በባቡር የምትጫነውን የሸራ ካያክ የመሥራት መብት ገዝቶ ለብዙ ሕዝብ አዳረሳት።

ለሕፃን የምትመች ካያክ የተገኘችው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ዳርቻ፣ ሰው ከውስጧ ሳይገባ ከላይዋ የሚቀመጥባት ዓይነት በተሠራች ጊዜ ነው። ይህች ታንኳ አየር የተዘጋባት የፕላስቲክ ቀፎ ናት፤ ከላይ የገባው ውኃ በአካሏ በተበሱት ቀዳዳዎች ወደ ታች ይወርዳል፤ ብትገለበጥም ተሳፋሪው ከጠባብ አፍ ውስጥ ሳይታሰር ወደ ውኃው ይወርዳል፣ ታንኳይቱም ሳትሰጥም ትንሳፈፋለች። የጣናን ሐይቅ ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ሲሰማ አዲስ ነገር አይሆንበትም። ነገደ ወይጦ ከደንገል የሚሠሯት ታንኳ፣ በአሥራ ሰባተኛው ምእት ዓመት ፖርቱጋላዊው ማኖኤል ደ አልሜይዳ አይቶ የጻፈላት፣ ሰው በላይዋ የሚቀመጥባት፣ ውኃው በአገዳዎቹ መካከል የሚመላለስባት ናት፤ የምትንሳፈፈውም ባዶ ሆድ ስላላት ሳይሆን አገዳው ራሱ አየር ስለ ቋጠረ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳልም እ.ኤ.አ. በ1970 ራ ሁለተኛ በተባለች፣ ደንገሏ ከጣና በተቆረጠ ታንኳ ከሞሮኮ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገብቷል። እውነት ነው፣ ደንገል ውኃ እየጠጣ ይከብዳልና የጣናይቱ ታንኳ በየጊዜው በፀሐይ መድረቅ አለባት፣ ዕድሜዋም አጭር ነው፤ በአሠራሯ ጥበብ ግን የዛሬይቱ የፕላስቲክ ካያክ ከግሪንላንዷ ይልቅ ለእርሷ የቀረበች ዘመድ ናት።

እንግዲህ ከልጁ ጋር ዓሣ ለማጥመድ የሚወጣ አባት፣ ፍጥነትን ለአዳኞች ትቶ፣ ከላይ የሚቀመጡባትን፣ ወርዷ 80 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነችውን፣ የሁለቱ ክብደትና ዕቃው አንድ ላይ ተደምሮ በላይዋ ከተጻፈው የመጫኛ ልክ ብዙ ዝቅ የሚልላትን ይምረጥ፤ ልጁን ከኋላው ሳይሆን ዓይኑ በሚያርፍበት ከፊቱ ያስቀምጠው፤ በልጁ ክብደት ልክ የተሰፋውን የሕይወት አድን ሰደርያ ከዳርቻው ሳይነሣ ያልብሰው፤ በገመድም ከታንኳይቱ ጋር ፈጽሞ አይሰረው። የግሪንላንድ አባቶች ያስቀደሙትንም ትምህርት ያስቀድም፦ መንጠቆ ሳይያዝ፣ ውኃው ለብ ባለና ከወገብ በማይበልጥበት ስፍራ፣ ታንኳይቱን ሆን ብሎ ገልብጦ ከልጁ ጋር ተመልሶ መሳፈርን ይለማመድ። ይህን ለማድረግ ልጁ ገና የማይደርስ ከሆነ፣ በዚህ ዓመት ከዳርቻው ላይ ሆነው ያጥምዱ።