ቴምፖ፣ ኦርጅናል እና የኮሙኒኬሽን ዲግሪያችን ዋጋ

ከመካከላችን ሁለቱ ዛሬም ኦርጅናል ዲግሪያቸውን አልወሰዱም። ወረቀቱ የተመረቁበት ግቢ ሬጅስትራር ውስጥ ተቀምጧል፤ በእጃቸው ያለው ቴምፖ ብቻ ነው። ኦርጅናሉን ለማውጣት የወጪ መጋራቱን ዕዳ ከፍለው መጨረስ አለባቸው። ሰሞኑን ቡና በጠጣን ቁጥር የምንመለስበት ጥያቄ ይኸው ሆኗል፦ ከፍለን እናውጣው ወይስ እዚያው ይቅር?

በሕክምና የተመረቀ ሰው እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ አልሰማንም። ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን የተማርነው ግን እንጠይቃለን። ለምን ብለን ስንከራከር ነገሩ የእኛ ስንፍና ወይም የዕድላችን ማነስ ብቻ እንዳልሆነ፣ ታሪክ እንዳለው ገባን።

ሙያው እዚህ አገር ያለ ዲግሪ ተወልዶ ያለ ዲግሪ ነው ያደገው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን «አእምሮ»ን በእጁ እየጻፈ ያባዛ የነበረው ካቫዲያስ የተባለ ግሪካዊ ነው። «ብርሃንና ሰላም» በ1917 ዓ.ም.፣ «አዲስ ዘመን» በ1933 ዓ.ም. ሲጀመሩ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የሚባል ነገር በአገሩ አልነበረም። የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ራሱ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነው። ብርሃኑ ዘሪሁን ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምሮ ነው የ«አዲስ ዘመን» አዘጋጅ የሆነው። በዓሉ ግርማ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ በኋላ አሜሪካ ሄዶ ጋዜጠኝነት ተማረ። አንዱ ተምሮበት፣ አንዱ ሳይማርበት፣ ሁለቱም እዚያው ወንበር ላይ ደረሱ።

ለዲግሪውም ዕዳ አልነበረበትም። የዚያ ዘመን ተማሪ ግቢው አብልቶና አስተኝቶ በነፃ ነው የሚያስተምረው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የሚጠበቅበት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል ነበር። (በዓሉ የከፈለው ሌላ ዓይነት ዋጋ ነው። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ፣ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እሱን ከወጪ መጋራት ጋር ማወዳደር ነውር ነውና እናልፈዋለን።)

የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ሲወጣ አስፋልቱ በጋዜጣና በመጽሔት ተሸፈነ። የሚጽፉት እነማን ነበሩ? አስተማሪዎች፣ የቀድሞ ማስታወቂያ ሚኒስቴር ሠራተኞች፣ ብዕሩን የሚወዱ ሰዎች። ዲግሪህን አምጣ ያላቸው አልነበረም። መንግሥት ግን «ሙያውን ሳያውቁ ነው የሚጽፉት» ማለት አበዛ። ክሱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አልነበረም፤ ሙሉ በሙሉ ቅን ነበር ብሎ የሚምልም ከእኛ መካከል የለም። ብቻ ከዚያ ወዲህ ሥልጠናው መጣ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የመገናኛ ብዙኃን ማሰልጠኛ ኢንስቲትዩት በዲፕሎማ ማሠልጠን ጀመረ፤ በኋላም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ገባ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በኖርዌይ ድጋፍ የማስተርስ ትምህርት እዚያው ተከፈተ። ከግል ተቋማት ዩኒቲ ቀደም ብሎ ገብቶበት ነበር። ከዚያ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ ጅማ፣ ሐዋሳ እያለ ትምህርቱ አገሩን አዳረሰ።

ልክ በዚያው ሰዓት ነው ሒሳቡም የመጣው። ደንብ ቁጥር 91/1995 ወጣና ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ውል መፈረም ጀመረ። የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ 15 በመቶውን ሊከፍል ይስማማል። ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጥበታል፤ ዕዳውንም ቢበዛ በ15 ዓመት ውስጥ ጨርሶ መክፈል አለበት። ከእኛ ውስጥ ያን ወረቀት አንብቦ የፈረመ አንድም ሰው የለም። ሰልፉ ረጅም፣ ዕድሜያችንም አሥራ ስምንት ነበር። በግል ኮሌጅ የተማሩት ጓደኞቻችን ደግሞ ከምዝገባው ቀን ጀምሮ በጥሬው ነው የከፈሉት፤ የአንዷን ክፍያ ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ እህቷ ናት ከምዝገባ እስከ ምረቃ የቻለችው። ይህን ስናስታውስ የእኛን ዕዳ ዕዳ ብሎ ማማረር ያሳፍረናል።

አሁን ዋናው ነገር። ውሉን ፈርመው የገቡት ተማሪዎች መመረቅ ሲጀምሩ የ1997ቱ ምርጫ አልፎ ነበር። የኮሙኒኬሽን ምሩቅ ሊያንኳኳቸው የሚችላቸው ሦስት በሮች ነበሩ፦ የግሉ ፕሬስ፣ መንግሥታዊ ያልሆነው ድርጅት፣ መንግሥት።

የመጀመሪያው በር በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በአብዛኛው ተዘጋ፤ ጋዜጦች ከገበያ ወጡ፣ አዘጋጆች ታሰሩ፣ የቀሩት ተሰደዱ። ከዚያ በኋላ ደፍሮ የተነሣው «አዲስ ነገር»ም በ2002 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ቆመ፤ አዘጋጆቹም አገር ጥለው ሄዱ። ሁለተኛው በር ደመወዙ ደህና፣ እንግሊዝኛው ከባድ የሆነው ነው። በ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ወጣና የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ተደነገገ። በውጭ ገንዘብ በመብት ጉዳይ ላይ መሥራትም ጠበበ። ባጀት ሲጠብ ጽሑፍ አዘጋጁና ፎቶ አንሺው ከተቀናሾቹ መጀመሪያ ናቸው።

ሦስተኛው በር ግን በዚያው በ2001 ዓ.ም. ወለል ብሎ ተከፈተ። ማስታወቂያ ሚኒስቴር ቀርቶ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ መዋቅሩም እስከ ወረዳ ወረደ። የትኛውም ቢሮ ሕዝብ ግንኙነት ሳይኖረው አይታይም ነበር። እኛ የተማርነው እንዴት መጠየቅ እንዳለብን ነበር፤ የተቀጠርነው እንዳይጠየቅ ለማገዝ ሆነ። ካሜራ መያዝ፣ ባነር ማሠራት፣ የኃላፊውን ንግግር ማሳመር፣ ዓመታዊ መጽሔት ማውጣት። ክፉ ሥራ አይደለም፣ ልጅ ያሳድጋል። ግን የዲግሪያችንን ዋጋ የተመነው ገበያው ሳይሆን መንግሥት መሆኑን ያየነው ያኔ ነው፦ ያስተማረን እሱ፣ ያበደረን እሱ፣ ሌሎቹን በሮች ያጠበበው እሱ፣ የቀጠረንም እሱ፣ ከደመወዛችን የቆረጠውም እሱ። ዋጋው ከመዋቅሩ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ጽሕፈት ቤቱ በ2011 ዓ.ም. ሲፈርስ የተደናገጡ አውቀናል፤ በ2014 ዓ.ም. «አገልግሎት» ተብሎ ሲመለስ እፎይ ያሉም እነሱው ነበሩ።

የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያውቃል። ለሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ የሚወጣ ማስታወቂያ «በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን፣ በቋንቋ፣ በሥነ ጽሑፍ፣ በፖለቲካ ሳይንስ ወይም በተመሳሳይ የትምህርት ዘርፍ» እያለ ይሄዳል። ያቺ «ወይም» ናት የፈጀችን። ለነርስ በሚወጣ ማስታወቂያ ላይ «ወይም ተመሳሳይ» ተብሎ ሶሺዮሎጂ አይጻፍም።

ከመካከላችን አንዷ በዚህ አትስማማም፤ ድምፅዋ እንዲሰማ ቃል ገብተንላታል። ትምህርቱ ባይኖር ኖሮ ስም ማጥፋት በሕግ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፣ አንድን ወሬ በሁለት ምንጭ ሳላረጋግጥ እለቀው ነበር ትላለች። ዛሬ ማንም ስልኩን ይዞ ዩቲዩብ ላይ «ሰበር ዜና» ሲል ልዩነቱን የምታየው እኛ የተማርነው ነን ባይ ናት። ልክ ሳትሆን አትቀርም። ብቻ ሰበር ዜና ባዩ ከሷ ደመወዝ በላይ እንደሚያገኝ ስንነግራት ርዕስ ትቀይራለች።

አሁን የሚመረቁት ደግሞ ሌላ ደጃፍ አላቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ በመጀመሪያው ዓመት በአገር ደረጃ ከተፈተኑት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አላለፉም። ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ ዲግሪው አይሰጠውም።

ወደ ሁለቱ ጓደኞቻችን እንመለስ። አንደኛው ውጭ አገር ማስተርስ ሊያመለክት ነው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ተጠይቋል፣ ዕዳው ሳይጠራ ደግሞ አይላክለትም። ስለዚህ በሚቀጥለው ወር ዕቁብ ሲደርሰው ሊከፍል ወስኗል። ሁለተኛው ለኢንሹራንስ ኩባንያ ሽያጭ ይሠራል፤ ቴምፖውንም ቢሆን የጠየቀው ሰው የለም። ፎቶ ኮፒው የት እንደገባ ስንጠይቀው አስቦ አስቦ «እናቴ ሳጥን ውስጥ ይመስለኛል» አለን።