የቀበሮው ዝላይ

ስሙኝማ ወገኖቼ፤ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ነገሬ አይቸኩልም፣ መንገዱም ረጅም ነው፣ የሚነሳውም ከባሕር ማዶ ነው።

ነሐሴ 1986 ዓ.ም. ነበር። እኛ ዘንድ ጭጋጉ ከደጃፍ አልነሳ ብሎ፣ ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ እሳት ዳር በተቀመጠበት ወራት፣ በአሜሪካ ምሥራቅ ቦስተን በምትባል ከተማ ሁለት ወጣቶች ዕቃቸውን መኪና ላይ ጫኑ። የአንዱ ስም አንዲ ጋቪን፣ የሌላው ጄሰን ሩቢን ይባላል፤ ከልጅነታቸው ጀምረው አብረው ጌም ሲሠሩ ያደጉ፣ ኖቲ ዶግ የሚባል ትንሽ ድርጅት ያቋቋሙ ጓደኛሞች ናቸው። ውሻቸውን ከኋላ አስቀመጡና ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሎስ አንጀለስ ጉዞ ጀመሩ፤ መንገዱም ቀናት የሚፈጅ ነውና፣ ሰውም መንገድ ሲረዝምበት በወሬ ያሳጥረዋልና፣ እያወሩ ሄዱ። በዚያ ዘመን ስማቸው የገነነው የጌም ጀግኖች ማሪዮና ሶኒክ ከግራ ወደ ቀኝ እንጂ ወደ ውስጥ አይሮጡም ነበር፤ እነዚህ ልጆች ታዲያ ሩጫውን አዙረን ወደ ቴሌቪዥኑ ሆድ ብንሰደውስ፣ ተጫዋቹም ከኋላ ቢከተለውስ ተባባሉ፤ ከዚያም ሳቃቸው መጣ፤ እንዲህ ያለ ጌም የሚጫወት ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያየው የጀግናውን ጀርባና ከጀርባ ዝቅ ያለውን ነውና፣ ለሐሳባቸው ስም ሲያወጡለት፣ እኔ በእናንተ ፊት በጨዋ አፍ «የሶኒክ መቀመጫ» ብዬ ልለፈው።

ሎስ አንጀለስ ደረሱና፣ ዩኒቨርሳል ውስጥ ከነበረው ከማርክ ሰርኒ ጋር ሆነው ሥራውን ያዙ፤ ጀግናቸውንም ባንዲኩት ከሚባል የአውስትራሊያ ትንሽ አውሬ ወለዱት። ክራሽ አሉት። ዶክተር ኮርቴክስ የሚባል ክፉ ሰው በላቦራቶሪው ሠርቶት፣ ሎሌ ሊያደርገው ፈልጎ አልሆን ብሎት፣ ከግንቡ መስኮት ወደ ባሕር የወደቀ፣ ማዕበሉም ከደሴት ዳር የጣለው ፍጥረት ነው፤ ከዚያ ተነስቶ ዱሩን፣ ወንዙንና ድልድዩን እየተሻገረ ወደዚያው ግንብ ይመለሳል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1996 ለፕሌይስቴሽን ወጣ፤ ሁለተኛው በ1997፣ ሦስተኛው በ1998 ተከተሉት።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፤ ኋላ ያስፈልገናል። የዚያ ማሽን ዋና የማስታወሻ ቋት 2 ሜጋባይት ብቻ ነበር፤ የእነሱ ዱርና ወንዝ ደግሞ በዚያ አይያዝም። ስለዚህ ክራሽ ሲራመድ ፊቱ ያለው አገር ከሲዲው እየተነበበ ይመጣል፣ ያለፈው ደግሞ ይጣላል። ሠሪዎቹ ኋላ እንደተረኩት፣ ከሶኒ ወገን የሆነ አንድ ሰው ጌሙን አይቶ ተገረመና አንድ ሰው ጌሙን እስኪጨርስ ማሽኑ ሲዲውን ስንት ጊዜ እንደሚነካ ጠየቀ፤ 120 ሺህ ጊዜ ያህል ነው ቢሉት ዝም አለና፣ የሲዲ ማንበቢያው የተሠራው ለ70 ሺህ ያህል እንደሆነ በቀስታ ነገራቸው።

እንግዲህ ያ ጌም ዞሮ ዞሮ አዲስ ቅዳም ደረሰ። አዲስ ቅዳምን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስትሄዱ በአውራው ጎዳና ላይ የምታገኟት፣ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከተማ ናት፤ ደጋ ናት፤ ክረምቷ ቶሎ ገብቶ ዘግይቶ የሚወጣ፣ ፈረስ የሚወደድባት አገር ናት። ፕሌይስቴሽን ቤታችን ከጎዳናው ገባ ያለች አንድ ክፍል ነበረች፤ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ፣ ከበሩም ላይ ነፋስ የሚያውለበልበው መጋረጃ። ባለቤቱን ጋሼ እንለው ነበር። ማሽኑ እኛ ዘንድ ሲደርስ ጎልምሶ ነበርና ሲዲ ማንበብ ሲያቅተው ጋሼ ብድግ ይልና፣ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ያስቀምጠዋል፣ ትንሽም ይጠብቃል፤ እኛም ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን፤ ከዚያ ያ የሚታወቀው ድምፅ ይወጣና ቤቱ በሙሉ እፎይ ይላል። የሶኒው ሰው የፈራው ነገር እውነት እንደነበረ፣ መድኃኒቱም መገልበጥ እንደሆነ፣ እኛ ማንም ሳይነግረን አውቀነዋል።

ባንዲኩት የሚባል አውሬ አይተን አናውቅምና ክራሽን ቀበሮው እንለው ነበር። «ቀበሮው ነፍስ አለቀበት፣ ውረድ!» ይባላል፤ የሞተው ጆይስቲኩን ለባለ ተራው ያቀብላል፤ አቀባበሉም ራሱ ወግ ነበረው፤ ሽቦው እንዳይጎተት በሁለት እጅ ነው። ደግሞ ይህ የመጀመሪያው ክራሽ በፈለጉበት ጊዜ የሚመዘገብ ጌም አልነበረም። በአንዳንዱ ሌቭል የተበተኑትን ሦስት የጓደኛውን የታውናን ምስሎች ሰብስቦ፣ ወደ ተሰወረው ክፍል ገብቶ፣ እሱንም ሳይወድቅ ካልጨረሰ ወይም ዕንቁ ካላገኘ መዝገብ የለም። ሜሞሪ ካርድ የሌለው ደግሞ ኮድ ይሰጠዋል፤ ኮዱም ፊደል አይደለም፣ ቁጥርም አይደለም፤ ሦስት ማዕዘን፣ ክብ፣ ኤክስ፣ አራት ማዕዘን እየተደረደረ ነው። እኛም የሒሳብ ደብተራችንን ጀርባ በዚያ ሞላነው። መብራት ግን ደብተር አይጠብቅም፤ ዝናቡ ጠንከር ያለ ዕለት ቀበሮው ድልድዩ መካከል ሳለ ድርግም ይላል፤ ቤቱም በአንድ ድምፅ ያዝናል፤ ከዚያ ጋሼ ሻማ ያበራል፣ እኛም መብራት እስኪመጣ ድረስ ድልድዩን በአፋችን እንሻገራለን፤ እዚህ ላይ ሳንቃው ይሰበራል፣ እዚህ ላይ ከርከሮው ይመጣል፣ እዚህ ላይ ጫፉ ድረስ ሂድና ዝለል።

ጫፉ ድረስ። ነገሬ እዚህ ላይ ነው ወገኖቼ። የዚያ ቀበሮ የእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ነበር፤ ጫማው ግማሹ አየር ላይ፣ ግማሹ ሳንቃው ላይ ሆኖ ይቆማል፤ ዝላዩም አየር ላይ ጥቂት ያቆየዋል፣ ያችን ጥቂት ጊዜ ደግሞ አውራ ጣታችን ያውቃታል። ዓይን አይደለም የሚያውቃት፤ ዓይን ጭጋጉን ብቻ ነው የሚያየው። ጣት ነው። አንዱ ለሌላው ሲያስተምርም በቃል አይደለም፤ ትልቁ ልጅ የትንሹን አውራ ጣት በራሱ ጣት ይጫንና «አሁን» ይለዋል።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። ፕሌይስቴሽን ቤቱ በኳስ ጌም ተያዘ፣ ቀበሮውም ከአዲስ ቅዳም ጠፋ፤ ኖቲ ዶግም ሌላ ሥራ ይዞ ሄደ፣ የቀበሮው ባለቤትነት ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ አክቲቪዥን የተባለ ድርጅት እጅ ገባ። በስተመጨረሻም ኒው ዮርክ ግዛት፣ አልባኒ አካባቢ የነበረ ቪካሪየስ ቪዥንስ የተባለ ድርጅት ሦስቱንም ጌሞች እንደገና ሠራቸውና፣ ሰኔ 23 ቀን 2009 ዓ.ም. «ኤን ሴን ትሪሎጂ» ተብለው ለፕሌይስቴሽን 4 ወጡ። ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ ለካ በየአገሩ እንደኛ ተራ ሲጠብቅ ያደገ ሕዝብ ነበረ።

እኔም ወሬውን ሰምቼ ዝም ብዬ ከረምኩ፤ አዲሱ ማሽን ያለው ደግሞ ባሕር ዳር የእህቴ ቤት ነው። ከዚያ በአንድ ክረምት ጉዳይ ገጠመኝና ሚኒባስ ተሳፈርኩ፤ ዝናቡ ከመስኮቱ ጋር እየታገለ ዳንግላን አለፍን፣ ዱርቤቴን አለፍን፣ ወተት አባይ ላይ ግልገል አባይ ደፍርሶና ሞልቶ ሲወርድ አየነው፣ መራዊንም አለፍን። ስነሳ ያየሁትን ደግሞ ልንገራችሁ፤ በልጅነቴ ገብስና ድንች የነበረው የአገሬ ተዳፋት ሁሉ ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ለብሷል፣ ከመንገዱም ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። ገበሬው ገንዘብ አግኝቶበታል፣ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሶበታል፣ ማንም ሊከፋበት አይገባም፤ እኔ ግን የገብሱን ማሳ ዓይኔ ይፈልገው ነበር።

እህቴ ቡና አፈላች፣ ልጇም ጆይስቲኩን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ቀበሮውን አየሁት። ጸጉር አብቅሏል! በእኛ ዘመን 512 ባለ ሦስት ማዕዘን ቁርጥራጭ የሆነ አካል ነበረው፤ አሁን ጸጉሩ በነፋስ ይርገበገባል፣ ቅጠሉ ውሃ ያንጠባጥባል። ዱሩ ያው ዱር ነው፣ ሳጥኑም ያው ሳጥን፣ ጠላቱም በለመድኩት ቦታ ይመጣል። ዜማውን በአዲስ መልክ ሲጫወቱት ስሰማ እውነቴን ነው ጉሮሮዬን አንድ ነገር ያዘው። ከዚያ ድልድዩ ላይ ደረስኩና፣ ጫፉ ድረስ ሄድኩና፣ ጣቴ «አሁን» አለኝ፤ ተጫንኩ፤ ቀበሮው ሳይዘልል ከሳንቃው ተንሸራቶ ወደቀ። ደገምኩት፤ ወደቀ። «አጎቴ፣ ትችላለህ ብለው ነበር እኮ» አለች የእህቴ ልጅ፤ እናቷም ገላመጠቻት።

ፈረስ ያሳደገ ይህን ያውቃል። ፈረስህ ጠፍቶብህ ኖረና፣ አንድ ቀን ሰው በመልኩ እሱኑ የሚያክል፣ ያው ቦቃ ግንባሩ ላይ ያለበት፣ ያው ኮርቻ የተጫነበት ፈረስ አምጥቶ ሰጠህ እንበል፤ ትደሰታለህ፣ ትወጣበታለህ፤ ከዚያ የመጀመሪያው ቦይ ላይ ስትደርስ አረማመዱ ሌላ ነው።

ምክንያቱን ኋላ ተረዳሁት። የሌቭሎቹ የጥንት ቅርጽ ከኖቲ ዶግ ዘመን ተርፎ ለአዲሶቹ ሠሪዎች ደርሷቸዋል፤ ጌሙን የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ግን ለአዲሱ ማሽን የሚሆን አልነበረምና ከባዶ ሠሩት። ሦስቱ ጌሞች በአንድ እጅ እንዲያዙም የሦስተኛውን አረማመድ መነሻ አድርገው ለሁሉም አለበሱት፤ የእግሩም ሥር ክብ ሆነ፣ ክብ ነገር ደግሞ ከጫፍ ላይ ይንሸራተታል። ተጫዋቹ ሲያጉረመርም አክቲቪዥን ነገሩን አልካደም፤ በመጀመሪያው ጌም አንዳንድ ዝላዮች ከድሮው የበለጠ ጥንቃቄ እንደሚሹ በጽሑፍ አስረዳ። ለአንደኛው የተቆረጠ ድልድይ የሦስተኛውን እግር ማምጣት ማለት ይኼ ነው።

ታዲያ ልውቀሳቸው? ፍረዱ። አዲሱ ጌም በራሱ ይመዘግባል፤ መብራት ቢሄድም ልጅቷ ካቆመችበት ትነሳለች፣ ደብተሯም ለሒሳብ ይውላል። ድሮ በመጀመሪያው ጌም ሳጥኑን ሁሉ ሰብሮ ዕንቁ ለማግኘት አንዴም መሞት አይፈቀድም ነበር፤ አሁን በአብዛኛው ሌቭል ሞተውም ያገኙታል። በእኛ ጊዜ በመጀመሪያው ጌም ያልነበረችው የቀበሮው እህት ኮኮም በሦስቱም ትሮጣለች፤ የእህቴ ልጅ ከኮኮ ሌላ አትመርጥም፤ በእኛ አግዳሚ ላይ አንዲት ሴት ልጅ ተቀምጣ እንደማታውቅ ያን ዕለት ነው ልብ ያልኩት። ከዚህም በላይ አለ፤ ድሮ ሠሪዎቹ አንድ ሌቭል ጨርሰው፣ እጅግ ከበዳቸውና በሩን ዘግተው ከሲዲው ውስጥ ትተውት ነበር፤ በማዕበልና በዝናብ መካከል ግንብ የሚወጣበት ነው። አዲሶቹ በሐምሌ 2009 ሠርተው ከፈቱት። አስቡት ወገኖቼ፤ ያ ዝናብ በእኛ ቤት ሲዲም ላይ ተቀምጦ ኖሯል፤ ውጭ የራሳችን ዝናብ ሲዘንብ፣ የተገለበጠው ማሽን ከጥግ ሲያጉረመርም፣ እሱ እዚያው ነበር፤ በሩን ግን የከፈቱልን ዝላዩን የቀየሩብን ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ምስጋናዬም ቅሬታዬም አንድ ደጅ ነው የሚሄዱት፤ አንዱ ሌላውን እንዲያስወጣ አልፈቅድም። ለዓይን የሚታየው ሁሉ ተመልሶልኛል፣ ከነበረውም አምሮ ተመልሶልኛል። ያች አየር ላይ የምትቆይ ጥቂት ጊዜ ግን አዲሱ ጌም ላይ የለችም፤ ያለችው በአሮጌው ሲዲና በእኛ በተጫወትነው ሰዎች አውራ ጣት ላይ ነው። የአዲሱን ብልሃት ልጅቷው አስተማረችኝ፤ ከጫፉ አንድ እርምጃ ቀደም ብለህ ዝለል አለችኝ፣ አደረግሁት፣ ተሻገርኩ። እኔ ደግሞ ዕዳዬን አውቃለሁ፤ አሮጌው ማሽን የተረፈው ሰው በአካባቢዬ እየጠየቅሁ ነው። እናንተም ከቆጥ ላይ የጣላችሁት ካላችሁ አውርዱት፣ ካላነበበ ገልብጡት፣ ልጆቻችሁንም ድልድዩ ጫፍ ላይ አድርሷቸውና ጣታቸውን በጣታችሁ ተጭናችሁ «አሁን» በሏቸው፤ ይኼን ከእኛ በቀር የሚሠራላቸው ድርጅት የለም።