ከሂሩት እስከ ሂሩት፤ ፊልምን በአንድ ዐረፍተ ነገር ስለ መግለጽ

አንድ ፊልም ስለ ምን እንደ ሆነ ላላየው ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር መግለጽ ቀላል መስሎ የሚታይ፣ ነገር ግን ብዙ ባለሙያ የሚሰናከልበት ሥራ ነው። በውጭው ዓለም የፊልም ንግድ ይህ ዐረፍተ ነገር ሎግላይን ይባላል። ስያሜው የመጣው የሆሊውድ ስቱዲዮዎች የሚቀርብላቸውን ድርሰት በመዝገብ ሲያሰፍሩ ከርእሱ አጠገብ ይጽፉት ከነበረው አጭር መግለጫ እንደ ሆነ ይነገራል። ገንዘብ የሚያወጣው ሰው ድርሰቱን ለማንበብ፣ ተመልካቹም የመግቢያ ዋጋውን ለመክፈል የሚወስነው ብዙውን ጊዜ በዚህችው መግለጫ ነው። ነገሩ ለመሐንዲስም እንግዳ አይደለም፤ የሚሠራው ድልድይ ለማንና ለምን እንደ ሆነ በአጭሩ ማስረዳት ያቃተው ሰው ፕላኑንም አጥርቶ እንዳላየው ይገመታል።

በኢትዮጵያ ስሙ ሳይታወቅ ሥራው ቀድሞ ነበረ። በአዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። በሁለት ቃል የተጠናቀቀው ይህ መግለጫ ስለ ፊልሞቹ ይዘት አንዳች አይናገርም፤ የሚናገረው ተመልካቹን ስለ ያዘው ድንጋጤ ነው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ረጅም ፊልም እየተባለ የሚጠቀሰው፣ በ1957 ዓ.ም የቀረበው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ግን ከዚህ እጅግ ርቆ ሄዷል። ፊልሙን ያዘጋጀው ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ነው። ርእሱ ራሱ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም ሙሉ መግለጫ ነው። በዚህ አገር የሰው ስም የሚሞላው በአባት ስም ስለ ሆነ፣ የአንዲት ልጅ አባት ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ስሟን፣ ውርሷንና በሰው ፊት ያላትን ክብር ሁሉ መጠየቅ ነው። የግለሰቧ ስም፣ የጎደላትና የምትፈልገው ነገር በሦስት ቃል ተገልጸዋል። ከዚህ የበለጠ የተቆጠበ የፊልም መግለጫ በአማርኛ ማግኘት ያዳግታል።

ለማነጻጸር ያህል ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ደ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 ያቀረበውን የብስክሌት ሌቦች ፊልም መመልከት ይቻላል። ለረጅም ጊዜ ሥራ ፈትቶ የቆየ አንድ የሮም ነዋሪ ሥራ ያገኝበት ብስክሌት በመጀመሪያው የሥራ ቀን ይሰረቅበትና ከትንሽ ልጁ ጋር ከተማውን እያሰሰ ፍለጋ ይወጣል። ብስክሌቱን ከመያዣ ለማስለቀቅ ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቿን መስጠቷ በፊልሙ ውስጥ ልብ የሚነካ ነገር ቢሆንም ከመግለጫው ቢቀር አይጎዳውም። «በመጀመሪያው የሥራ ቀን» የሚለው ሐረግ ቢቀር ግን ዐረፍተ ነገሩ ይፈርሳል፤ የሰውየው ችግር የሚመዘነው በእርሱ ነውና።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም በሞጆ፣ በአዳማ፣ በመተሐራ፣ በዝዋይና በሻሸመኔ ተስፋፍተው የነበሩት ቪዲዮ ቤቶች ይህንኑ ሙያ በራሳቸው መንገድ ሠርተውበታል። አላፊ አግዳሚው የከባድ መኪና ረዳት፣ ተማሪና ነጋዴ በሆነበት መንገድ ዳር ለረጅም ማብራሪያ ጊዜ የለም፤ ሰሚውም አንዱ አማርኛ፣ ሌላው አፋን ኦሮሞ፣ ሦስተኛው ጉራጊኛ የአፍ መፍቻው ነው። ስለዚህ «አክተሩ» ማን እንደ ሆነና ማን እንደ በደለው መናገር ይበቃ ነበር። የህንዱ «ሾላይ» (እ.ኤ.አ. 1975) ለዚህ የተመቸ ነው፤ ሽፍታ ቤተሰቡን የፈጀበት የቀድሞ ፖሊስ ሽፍታውን ከነሕይወቱ እንዲይዙለት ሁለት ወንጀለኞችን ይቀጥራል። ሽፍታው የሰውየውን ሁለት እጆች መቁረጡን መጨመር የሚያጓጓ ይመስላል። ይሁንና ፊልሙ ይህን ነገር በጋቢ ሸፍኖ እስከ አጋማሹ ያቆየዋልና፣ በር ላይ የሚናገረው ሰው የተመልካቹን ድንጋጤ ቀድሞ ይሰርቀዋል።

ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሕዝብ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው ግን በ1960ዎቹ ዓ.ም መገባደጃ ላይ ሚሼል ፓፓታኪስ ያዘጋጀው «ጉማ» ነው። በአገሪቱ የመጀመሪያው ባለ ቀለም ረጅም ፊልም በመባል ይታወቃል፤ ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ የሚሰጠው የፊልም ሽልማትም የተሰየመው በእርሱ ነው። ጉማ በአፋን ኦሮሞ የደም ካሣ ማለት ነው። በአዳማ ገበያ ወይም በሻሸመኔ መናኸሪያ ቃሉን የሰማ ሰው ሰው መሞቱን፣ የሟች ወገን ደም ሊመልስ መነሣቱን፣ ሽማግሌዎች በመካከል መግባታቸውን፣ ገዳዩም ከአቅሙ በላይ የሆነ ዕዳ መሸከሙን ያለ ማብራሪያ ይረዳል። ለሮም ወይም ለፓሪስ ተመልካች ግን ይኸው ሁሉ በቃላት ሊዘረዘርለት ይገባል። መግለጫው ሊያጥር የሚችለው ሰሚው አስቀድሞ በሚያውቀው መጠን ብቻ ነው። በመሆኑም ለአንድ ፊልም አንድ መግለጫ በቂ ነው የሚለው የውጭ ባለሙያዎች ደንብ በዚህ ላይ አይጸናም።

ይህ ልዩነት የሰውን ክብር የሚነካበት ሁኔታ በጉልህ የታየው በ«ድፍረት» ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ አዳማን ካለፈ በኋላ ከስምጥ ሸለቆው ወለል ወደ አርሲ ደጋ ይወጣል። በዚያው በአርሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ትመለስ የነበረች የ14 ዓመት ልጅ በፈረሰኞች ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትሞክርም ጠላፊዋን በጥይት ገደለች። በወቅቱ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን ቀዳዳ የተወ ነበር። ጉዳዩን የያዘው በ1987 ዓ.ም የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው፤ መሥራቿ መዓዛ አሸናፊ በኋላ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ልጅቱ ራሷን በመከላከል የፈጸመችው ነው ተብሎ በነጻ ተለቀቀች፤ የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግም ያንን ቀዳዳ ዘጋው።

ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ይህን ታሪክ ወደ ፊልም ሲለውጠው ለልጅቱ የሰጣት ስም ሂሩት መሆኑ፣ ታስቦበትም ይሁን በአጋጣሚ፣ ከግማሽ ምእት ዓመት በፊት የነበረችውን ሂሩት ያስታውሳል። የአማርኛው ርእስም ድርብ ነው፤ ድፍረት ጀግንነትም ነው፣ የሴት መደፈርም ነው። የደረሰባትና ያደረገችው በአንድ ቃል ታስረዋል። ፊልሙ በ2006 ዓ.ም በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት ሲያገኝ በውጭ አገር በሰፊው የተሠራጨው መግለጫ ግን ይህን አልያዘም። በእርሱ ዘንድ ተጓዧና ተሟጋቿ ጠበቃዋ ናት፤ ልጅቱ የምትሟገትላት ሰው ብቻ ሆናለች፤ ጠለፋም ከአገሪቱ ጥንታዊ ልማዶች አንዱ ተብሎ ተዋውቋል። በሙያው መለኪያ ስሕተት አይባልም፤ ልጅቱ በእስር ላይ ስለ ሆነች የታሪኩን ጉዞ በአብዛኛው የምታንቀሳቅሰው ጠበቃዋ ናትና። ሆኖም አዳማና አሰላ ላይ ቢነበብ አድማጩ «ልጅቱስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለእነዚህ ከተሞች የሚስማማው መግለጫ የሚጀምረው ከእርሷ ነው፤ ለጋብቻ የተጠለፈች የ14 ዓመት ተማሪ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን ትገድላለች፤ ሞት ሊፈረድባት በሚችልበት ችሎት አንዲት ጠበቃ ራስን የመከላከል መብት ለገጠር ልጅም እንደሚሠራ ለማስረዳት ትነሣለች። «ቡቲ» የሚለውን የአፋን ኦሮሞ ቃል የሚያውቅ ሰሚ የጠለፋ ትርጓሜ አይጠይቅም፤ የሚያስጨንቀው ፍርዱ ነው።

ከመግለጫው ጋር ተያይዞ የሚመጣ ሌላ ሐረግ አለ፤ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚለው። ገዢ ስለሚስብ ባለሙያዎች ሳያመነቱ ይጨምሩታል። በ2006 ዓ.ም ማብቂያ ላይ «ድፍረት» በአዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ ተመልካቹ ቦታውን ይዞ ሳለ፣ ከታሪኩ ባለቤትነት ጋር በተያያዘ ክርክር የፍርድ ቤት እግድ ደረሰና ትርኢቱ ቆመ። እግዱ ከተነሣ በኋላ ፊልሙ ለሕዝብ ታይቷል።