የጨዋ ሠራዊት እና ጉልት

ከ14ኛው እስከ 16ኛው መቶ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ዋና ኃይል ጨዋ የሚባለው ሠራዊት ነበር። ዐፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344 እ.ኤ.አ.) ከየግዛቱ ከሚጠራው ዘማች በተጨማሪ በቀጥታ ለንጉሡ የሚታዘዙ ጭፍሮች ነበሩት፤ በ1332 በይፋቱ ገዥ በሰብረዲን ላይ የዘመተውም በእነዚሁ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ጨዋውን አበዛው፤ በሐዲያ፣ በደዋሮ፣ በባሌ፣ በፈጠጋርና በባሕር ምድር አሰፈረው። የአንዱ ጭፍራ ስም ጃን አሞራ ሲሆን በሰሜን ተራሮች አጠገብ ያለው ወረዳ ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራል።

የጨዋው ደመወዝ ጉልት፣ ማለትም ከመሬቱ ግብር የመቀበል መብት፣ ነበር። ገበሬው ርስቱን እንደያዘ እህል፣ ከብትና ጉልበት ይገብራል፤ ወታደሩ በዚያ ይኖራል፣ ፈረሱንም ይቀልባል። የአውሮፓ ፈረሰኛም የሚተዳደረው በተመሳሳይ መንገድ ነበር። እዚያ ግን መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ባላባቱን በድንጋይ ምሽጉ ውስጥ ራሱን የቻለ ጌታ አደረገው፤ በኢትዮጵያ ጉልት ሰጪውም ነሺውም ንጉሡ ነበር።

የንጉሡ መቀመጫም በአብዛኛው ምሽግ ሳይሆን ድንኳን ነበር። በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደመዘገበው፣ ሰፈሩ በተዛወረ ቁጥር እያንዳንዱ ሹም ድንኳኑን በተመደበለት ቦታ ይተክል ነበር። ተዋጊው የሚይዘው ጦር፣ ጋሻ፣ ሰይፍና ቀስት ነበር፤ የብረት ልብስ ብርቅ ነበር።

ሠራዊቱ በየጠረፉ ተበታትኖ ስለሰፈረ ድንገተኛ ወረራን መመከት አዳጋች ሆነ። በመጋቢት 1529 ከዛሬዪቱ አዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በሽምብራ ኩሬ፣ የአዳሉ መሪ የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦር የዐፄ ልብነ ድንግልን ሠራዊት ድል አደረገ። ቀጥሎ ደዋሮ፣ ባሌና ፈጠጋር ሲወድቁ ጨዋው የሚኖርበት ጉልትም አብሮ ጠፋ። በ1541 በክርስቶፎሮ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋላውያን መንግሥቱን ለመርዳት ነፍጥ ይዘው ምጽዋ ደረሱ። መሪያቸው በ1542 በወፍላ ተሸንፎ ቢገደልም፣ የተረፉት ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ተባብረው በየካቲት 1543 በወይና ደጋ ድል አደረጉ፤ ኢማሙም በዚያው ወደቀ።

የጨዋ ሥርዓት መንግሥቱን ለሁለት መቶ ዓመታት አስፋፍቶ ጠብቆታል። ሸክሙን የተሸከመው ግን ወታደሩን ሲቀልብ የኖረው ገበሬ ነው፤ የዘመኑ የጦርነት ታሪክ ያለ እርሱ የተሟላ አይሆንም።